ያልተቀመሰው መለኪያ

በሕይወቴ የምኮራበት ነገር ጥቂት ነው። ትምህርት ቤት መካከለኛ ተማሪ፣ እግር ኳስ ላይ ሁልጊዜ ተቀያሪ ነበርሁ። በሥራዬም የተሸለምሁት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ እሱንም የአባቴን ስም አሳስተው ስለጻፉት ግድግዳ ላይ ሳልሰቅለው ቀረሁ። ግን አንድ ቀን አለችኝ። ስለዚያች ቀን ሰው ሲጠይቀኝ አንገቴን ቀና አድርጌ ነው የምናገረው። ችግሩ ቀኒቱ የምትጀምረው ከራሴ ጥፋት ስለሆነ፣ ኩራቴን ሊሰማ የፈለገ ጥፋቴንም አብሮ መስማት አለበት።

ያኔ ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር። የቢቸና ልጅ ነኝ፤ አባቴ ገበያው ዳር ልብስ ሰፊ ነው። ግብርና ተምሬ እንደተመረቅሁ የልማት ሠራተኛ ሆኜ የተመደብሁት፣ ከሞጣ ወደ ቢቸና በሚወስደው መንገድ ላይ ከመኪና ወርደው ሦስት ሰዓት በእግር በሚያስኬድ ጎጥ ነበር። ስሙን አልጽፈውም፤ የሞተውም ያለውም ዘመድ አለው። ጎጡ ከኋላው ገደል፣ ከፊቱ ወንዝ ነው። በበጋ ወንዙን ጫማ ሳያወልቁ ይሻገሩታል። ሐምሌ ሲገባ ግን ሰው ሁሉ የሚያየው መሃል ላይ ያለውን ጥቁር ድንጋይ ነው። አናቱ ከታየ ይሻገራሉ፤ ካልታየ ሙሽራም ቢሆን ማዶ ቆሞ ይጠብቃል።

ሰዉ ይበልጣል የሚለውን ስሜን ትቶ «ግብርናው» ይለኝ ነበር፤ እኔም ወድጄው ነበር። በዚያ ሰሞን ደግሞ ራሴን ከልክ በላይ እወድ ነበር። ማዳበሪያውን በጊዜው አሰራጭቼ፣ ነቀዝ ያስቸገራቸው ገበሬዎች ስለለመኑኝ የነቀዝ ኪኒን ከሞጣ በራሴ ሻንጣ አምጥቼ አከፋፍዬ፣ አጠቃቀሙንም እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ደጀ ሰላም ላይ ሰብስቤ አስተምሬ ነበር። ማስተማሩ አላለቀም፤ ዝናብ መጣና ሰዉም እኔም ተበተንን። ወደ ሞጣ በላክሁት ሪፖርት ላይ ግን «ሥልጠናው በተሟላ ሁኔታ ተሰጥቷል» ብዬ ጻፍሁ። እንዲህ ዓይነት ዓረፍተ ነገር ስንቱን ጊዜ እንደጻፍሁ እግዜር ይወቀው።

በአካባቢው የታወቀ አንድ ደም ነበር። ከዘጠኝ ዓመት በፊት የአያ ይርዳው ታናሽ ወንድም በድንበር ጠብ የአያ ጫኔን ታናሽ ወንድም ገደለ። ገዳዩ እስር ቤት ሳለ ታሞ ሞተ፤ ቂሙ ግን ለሁለቱ ቤተሰቦች ተረፈ። አያ ይርዳው የሚኖሩት እኛ ጎጥ ነው፤ አያ ጫኔ ከወንዙ ማዶ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በአንድ ገበያ አልዋሉም። በዚያ ሐምሌ መሪጌታ ጥዑም የሚባሉት የቅኔ መምህር፣ ሦስት ዓመት ሲመላለሱበት የኖሩትን ዕርቅ ከዳር አደረሱት። የዕርቁን ወረቀት እንድጽፍ የጠሩኝ እኔን ነበር፤ ወገን የሌለኝ የውጭ ሰው ስለሆንሁ።

ጠዋት በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ መስቀል መትተው ማሉ። የአያ ጫኔ ትልቁ ልጅ አንሙት መሐላውን ቆሞ ሰማ፤ ሲያልቅ ግን ከአያ ይርዳው ቤት እህል አልቀምስም ብሎ ወንድሞቹን ይዞ ተሻገረ። አባቱ አልተቆጡትም። ጊዜ ስጡት፣ ሆዱ ገና አልበረደም አሉ። እሳቸውና አብረዋቸው የመጡት የአጎታቸው ልጅ ከእኛ ጋር ወደ አያ ይርዳው ቤት ሄዱ።

በግ ታርዶ ከአንድ መሶብ በላን። አረቄው ሲመጣ አያ ይርዳው የመጀመሪያዋን መለኪያ ሞሉና፣ እንደ ደንባችን መጀመሪያ ራሳቸው ሊቀምሱ ወደ አፋቸው አስጠጉ። በእኛ አገር ለእንግዳ የሚሰጥ መጠጥ በሰጪው አፍ ሳያልፍ አይሰጥም፤ በውስጡ ክፉ ነገር የለም ማለት ነው። ከደመኛ ቤትማ ሳይቀመስ የሚጠጣ ሰው አልተወለደም። አያ ጫኔ ግን እጃቸውን ዘርግተው የአያ ይርዳውን የእጅ አንጓ ያዙ።

«ተው፣ አትቅመስልኝ ይርዳው» አሉ። «ዘጠኝ ዓመት ፈርቼሃለሁ፤ ይበቃኛል። ዛሬ ሳይቀመስ ነው የምጠጣው።»

መለኪያዋን ተቀብለው ጨለጧት። ቤቱ በእልልታ ተናጋ፤ አያ ይርዳው ተንሰቅስቀው አለቀሱ፤ እኔም እንባዬን መያዝ አቃተኝ።

ከቀትር በኋላ ላይኛው አገር ዘነበና ወንዙ ሞላ፤ ጥቁሩ ድንጋይ ጠፋ። መሪጌታ ሁለቱንም እንግዶች እኔ ዘንድ እደሩ ሲሉ የአያ ጫኔ የአጎት ልጅ እሺ አሉ፤ አያ ጫኔ ግን እምቢ አሉ። በታረቅሁበት ቤት ካላደርሁ ምኑን ታረቅሁት ብለው ተከራከሩ። አያ ይርዳው በደስታ የሚይዙትን አጡ። እሳቸውና ባለቤታቸው እትየ አትጠገብ የሚተኙት ነፋስ በሚያስገባው አሮጌው ሣር ቤት ነው። ለአያ ጫኔ ግን ከጎኑ ያሠሯትን አዲሷን ቆርቆሮ ክፍል ሰጧቸው። በአገሩ እንደሷ የተለሰነች፣ እንደሷ የምትሞቅ ክፍል አልነበረችም፤ እህላቸውንም የሚያስቀምጡት እዚያው ነው። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ክንዳቸውን ይዤ እስከ አልጋው ያደረስኋቸው እኔ ነኝ። መረቁኝ። ብርድ እንዳይገባባቸው ብዬ በሩንም ግጥም አድርጌ የዘጋሁት እኔ ነኝ።

ጠዋት የሰማሁት የእትየ አትጠገብን ጩኸት ነው። ስደርስ አሥር የሚሆን ሰው ክፍሏን ሞልቷታል። አያ ጫኔ ከአልጋው ወርደው፣ እጃቸውን ወደ በሩ ዘርግተው በግንባራቸው ተደፍተዋል። አስመልሷቸው ነበር። ቤቱ አዲስ ስለሆነ ከእህሉና ከአልጋው በቀር ብዙ ዕቃ የለበትም፤ ጥግ ላይ በቅርጫት እንቁላል የታቀፈች ቀይ ዶሮ ተቀምጣለች። ሰው እየተራኮተ ሲገባና ሲወጣ እሷ ጭንቅላቷን ክንፏ ሥር እንዳደረገች ነበረች። ይህን ሁሉ አይቻለሁ፤ ያየሁትን ግን አላስተዋልሁትም።

መርዝ የሚለውን ቃል ማን እንደጀመረው አላውቅም። እኔ ስገባ አልነበረም፤ አስከሬኑን ይዘን ስንወጣ ሁሉም ሰው አፍ ላይ ነበር። ከአንድ መሶብ በልተን አንዳችንም ሆዳችንን አላመመንም። እሳቸው ብቻ የጠጧት፣ ማንም ያልቀመሳት አንዲት መለኪያ ነበረች። ትናንት ያስለቀሰችን መለኪያ ዛሬ የአያ ይርዳውን አንገት ያዘች።

የሟች የአጎት ልጅ ወንዝ ወርደው መርዶውን በጩኸት አሻገሩት። ወዲያው አንሙትና ሁለት ወንድሞቹ ጠመንጃቸውን ይዘው ማዶ ዳር ላይ ቆሙ። መጀመሪያ ደረታቸውን እየመቱ አለቀሱ። ቆይቶ አንሙት ድንጋይ ላይ ተቀመጠ፤ ጠመንጃውን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ ጥቁሩ ድንጋይ የተሰወረበትን ውኃ ማየት ጀመረ። ከለቅሶው ይልቅ ይህ ዝምታው አስፈራኝ። ፖሊስ ያለው ከእሱ ኋላ፣ ከወንዙ ማዶ ነው፤ ስልክ የሚሠራው ጉብታው ላይ ብቻ ነበር፣ እሱም መብራት ከጠፋ ጀምሮ ሞቷል። ውኃው ሲጎድል መጀመሪያ የሚሻገረው ማን እንደሆነ ሁላችንም እናውቅ ነበር።

መሪጌታ አስከሬኑ ቤተ ክርስቲያን እንዲገባ አዘዙና ጎጡን በሙሉ ደጀ ሰላም ሰበሰቡ። አውጫጭኝ ይቀመጥ አሉ። የድሮ ሥርዓት ነው፤ ወንጀለኛው እስኪታወቅ ድረስ ከጉባኤው ማንም አይወጣም። ያየሁት ወይም የጠረጠርሁት አለኝ የሚል ሰው «ወፍ» ይባላል፤ አንድ በአንድ ለዳኛው በጆሮው ይነግራል፣ ዳኛውም የወፉን ማንነት እስከ ሞቱ አያወጣም። የሟች የአጎት ልጅ ከመሪጌታ ቀኝ ተቀመጡ። እኔ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዤ ከግራቸው ተቀመጥሁ።

አያ ይርዳው መሃል ላይ ቆመው ማሉ። ሸንጎው ላይ የተናገሩት አጭር ነበር፤ ልቀምስ ስል እጄን የያዙኝ እሳቸው ናቸው፣ ሁላችሁም አይታችኋል አሉ። አንድ ሰው ከኋላ ሆኖ፣ እሳቸው ባይከለክሉህስ ትቀምሳት ነበር ወይ ብሎ ጠየቀ። አያ ይርዳው ምን ብለው ያስረዱ? ያልሆነ ነገር እንዴት ይመሰከራል?

ወፎቹ ሦስት ነበሩ። ሦስቱም በየተራ መሪጌታ ጆሮ ላይ ጎንበስ ብለው ተመለሱ። መሪጌታ ተነሥተው፣ ሦስቱም የያዙት አንድ ስም ነው፣ ስሙን የምናገረው ድንጋዩ ሲታይ በሟች ልጆች ፊት ነው አሉ። ስሙን ያላወቀ አልነበረም። አያ ይርዳው ነጠላቸውን አስተካክለው እዚያው መሬት ላይ ተቀመጡ። አልሸሹም፤ መሸሻም የለም እንጂ ቢኖርም የሚሸሹ አይመስለኝም።

ወደ ቀትር ላይ እትየ አትጠገብ ተነሥተው መሪጌታን ፈቃድ ጠየቁ። የታቀፈች ዶሮዬ ከትናንት ጀምሮ እህል አልቀመሰችም፣ እሷ ምን በደለች አሉ። ባላቸው ነገ ሊገደሉ ስለ ዶሮ ማሰባቸው ያስቆጣው ሰው ነበር። እኔ ግን ገባኝ፤ ማድረግ የሚችሉት የቀራቸው ነገር እሱ ብቻ ነበር። መሪጌታ አብሬያቸው እንድሄድ አዘዙኝ።

እትየ አትጠገብ ገብስ በተኑላት። ዶሮዋ ንቅንቅ አላለችም። ጎንበስ ብለው ክንፏን ሲያነሷት ሁለመናዋ እንደ ደረቀ አብሮ ተነሣ። እንቁላሎቹ ቀዝቅዘዋል። እስከዚያች ሰዓት ድረስ አንዲት እንባ ያላፈሰሱት ሴትዮ ዶሮዋን ታቅፈው መሬት ላይ ቁጭ አሉና ማልቀስ ጀመሩ።

እኔ አጠገባቸው ቆሜ ዶሮዋን አየሁ። ዶሮዋ አረቄ አልጠጣችም። የዕርቁን ሥጋ አልበላችም። ከአያ ጫኔ ጋር የተጋራችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የተዘጋውን ክፍል አየር። ወዲያው ጠዋት ያልተሰማኝ ሽታ አፍንጫዬን መታኝ፤ ነጭ ሽንኩርት ነገር ነው፣ ግን ነጭ ሽንኩርት አይደለም። ኮሌጅ ሳለሁ መምህራችን ስለዚህ ሽታ ተናግሮ ነበር።

«እትየ» አልሁ። «እኔ ያመጣሁትን ኪኒን መቼ ነው እህሉ ውስጥ የከተታችሁት?»

«ከትናንት በስቲያ። ይርዳው እንዳልኸው በጨርቅ ቋጥሮ ከተተው፤ መስኮቷንም በጭቃ መረጋት።»

«ከከተታችሁ በኋላ ሰው እንዳይተኛባት አልተባለም?»

እንባቸውን እየጠረጉ ቀና ብለው አዩኝ። «ማን ብሎን? እሱ ለነቀዝ አይደል እንዴ?» አሉ።

ለነቀዝ ነው። እርጥበት ሲነካው ግን የሚተፋው ጋዝ ነቀዝና ሰው አይለይም፤ በዚያ ሐምሌ ደግሞ ግድግዳው ሁሉ ርጥብ ነበር። ያን እሑድ ደጀ ሰላም ላይ አምስት ነገር ልነግራቸው ተዘጋጅቼ አራቱን ነግሬያቸዋለሁ። ቋጥሩ፣ ክተቱ፣ ቀዳዳ ምረጉ፣ በር ዝጉ። አምስተኛው ሰው አይተኛበት፣ እንስሳም አይደርበት የሚለው ነበር። ዝናቡ የመጣው እሱ ላይ ስደርስ ነው። በማግሥቱ ቤት ለቤት ዞሬ ልጨርሰው ይገባ ነበር፤ በማግሥቱ ሪፖርቱን ጻፍሁ። አያ ይርዳው አራቱንም በሚገባ ፈጸሙ። ከዚያ ለታረቁት ሰው በቤታቸው ካለው ሁሉ የተሻለውን ክፍል ሰጡ።

በሩን ከፍቼ ትቼ ወጣሁና አጥሩን ተደግፌ ቆምሁ። ልዋሽላችሁ አልፈልግም፤ በመጀመሪያ ያሰብሁት ስለ አያ ይርዳው አልነበረም። ዝም ብል ማንም አያውቅም ብዬ አሰብሁ። ኪኒኑ በእህሉ ውስጥ አመድ ሆኖ ይቀራል፤ ዶሮ ደግሞ በየቀኑ ይሞታል። ብናገርስ? ማዶ ጠመንጃ ይዞ የተቀመጠው ሰው ገዳይ ይፈልጋል፤ እኔ ራሴን ልሰጠው ነው። ደም ደግሞ በእኔ አይቆምም፤ ቢቸና ገበያ ዳር የስፌት መኪናው ላይ ያጎነበሰ፣ ይህን ወንዝ አይቶት የማያውቅ አባት አለኝ። ይህን እያሰብሁ ከእትየ አትጠገብ ጋር ወደ ደጀ ሰላም ተመለስሁ። አንድ ቃል አልነገርኋቸውም።

ቦታዬ ተቀምጬ እስክሪብቶዬን አነሣሁ። መሪጌታ የጉባኤውን ቃል ያስጽፉኝ ጀመር፤ «ሟች የጠጡትን መለኪያ ተጠርጣሪው አለመቅመሳቸው ስለተረጋገጠ» የሚለው ላይ ስደርስ እጄ ቆመ። ስንት ሐሰት በዚህች እስክሪብቶ ጽፌያለሁ። ይቺኛዋ ግን ሰው ልታስገድል ነው። ቀና ስል አያ ይርዳው ፊት ለፊቴ መሬት ላይ ተቀምጠው ነጠላቸው ላይ ያለች ጭቃ በጥፍራቸው እየፈገፈጉ ነበር። ነገ ለሚሞቱበት ልብስ የሚጠነቀቁ መሰለኝ።

መሪጌታ ለምን እንደቆምሁ ጠየቁኝ። ተነሣሁ።

«አያ ጫኔን የገደላቸው አረቄው አይደለም» አልሁ። «እኔ ያመጣሁት የነቀዝ ኪኒን ነው። እሱ ባለበት ክፍል ሰው እንዳይተኛ መናገር ነበረብኝ፣ አልተናገርሁም። አያ ይርዳው የሚያውቁት ነገር የለም።»

ጉባኤው ተተራመሰ። ግማሹ ይርዳውን ለማዳን የፈጠረው ነው አለ። ሌላው ኪኒኑ እቤቱ ያለ ሰው ሁሉ በድንጋጤ ወደ ሚስቱ ዞረ። የሟች የአጎት ልጅ አንገታቸውን ወደ እኔ አስግገው፣ እህል ሰው ሲገድል ሰምተው እንደማያውቁ ተናገሩ። መሪጌታ ዝምታ እስኪወርድ ጠበቁ።

«ልጄ፣ ያልኸው እውነት ከሆነ አንድ ሰው አድነሃል፤ አንተ ግን ተይዘሃል። ሐሰት ከሆነ ሁለት ጊዜ በድለሃል» አሉ። «በምን ታስረዳለህ?»

ማስረጃው ከዶሮዋ መጣልኝ። የሟች የአጎት ልጅ ራሳቸው የሚመርጧት ጤነኛ ዶሮ ከመሪጌታ ቤት ትምጣ፤ ጥሬና ውኃ ይሰጣት፤ ክፍሏ እንደነበረችው ትዘጋና ድንጋዩ ሲታይ በልጆቻቸው ፊት ትከፈት አልሁ። ተስማሙ። እሳቸው ዶሮዋን በእጃቸው አስገቡ፣ በሩንም በእጃቸው ዘጉ። ከዚያ ወንበር አስመጥተው በሩ ፊት ለፊት፣ ራቅ ብለው፣ ጋቢያቸውን ተከናንበው ተቀመጡ። ማንም እንዲተካቸው አልፈቀዱም።

ሌሊቱ እንዴት እንዳለፈ ብዙ አልናገርም። አንድ ነገር ብቻ አስታውሳለሁ፤ ዶሮዋ ባትሞትስ የሚል ፍርሃት ያዘኝ። የራሴን ጥፋት እውነት እንዲሆን ስለምን አደርሁ።

ጠዋት ድንጋዩ ታየ። መጀመሪያ ያየው ሰው እጁን ወደ ወንዙ ዘረጋ። አንሙት ቀድሞ፣ ወንድሞቹ ተከትለው እስከ ወገባቸው በውኃ ተሻገሩ። መሪጌታ መስቀላቸውን ይዘው መንገዱ ላይ ጠበቋቸውና የሆነውን ሁሉ በእርጋታ ነገሯቸው። አንሙት እስከ መጨረሻው ሰማ። ከዚያ በሩ ይከፈት አለ።

የአባቱ የአጎት ልጅ ከፈቱት፤ ትንሽ ቆይተው ገብተው የሞተችውን ዶሮ በእግሯ አንጠልጥለው ወጡ። ጥሬውን ግማሹን በልታለች። አንሙት ፊት መሬት ላይ አስቀመጧትና ፊታቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ።

ወደ ፊት ወጣሁ። ማንም አልገፋኝም፣ ማንም አልጠራኝም። ይበልጣል እባላለሁ፣ ኪኒኑን ያመጣሁት፣ ሳልነግራቸው የቀረሁት፣ አባትህንም አስተኝቼ በሩን የዘጋሁት እኔ ነኝ አልሁት። አንሙት ከእኔ ይልቅ ወደ አያ ይርዳው ዞረ።

«ለአባቴ ማደሪያ ያን ክፍል ማን መረጠለት?»

«እኔ» አሉ አያ ይርዳው። «ከዚያ የሚሻል የለኝም።»

አንሙት ከዚያ ወደ እኔ መጣ። ልብሱ ውኃ ያንጠባጥብ ነበር፤ ዓይኑ በለቅሶ ቀልቷል።

«ዝም ብትል ማን ያውቅብህ ነበር?»

«ማንም።»

«ታዲያ ለምን ተናገርህ?»

ትልቅ መልስ ቢኖረኝ ደስ ባለኝ። «አያ ይርዳው ነጠላቸውን ሲያጸዱ አየኋቸው» ነው ያልሁት። ሰው ሁሉ ያበደ ሳይመስለው አልቀረም። አንሙት ግን የገባው ይመስለኛል። ጠመንጃውን ከትከሻው አውርዶ ለመሪጌታ ሰጣቸው።

«አባቴ ሳይቀመስ ጠጥቶ የታረቀውን ዕርቅ እኔ አላፈርስም» አለ። ወደ አያ ይርዳው ዞረ። «አያ ይርዳው፣ ቃሬዛውን በራስጌ በኩል ይያዙልኝ።»

አያ ይርዳው በራስጌ፣ አንሙት በጎናቸው ሆነው አስከሬኑን ጥቁሩን ድንጋይ ታክከው ሲያሻግሩት ወንዝ ዳር ቆሜ አየሁ። መሪጌታ ሦስት ዓመት የለፉበትን ነገር ያን ቀን በዓይኔ አየሁት። የእኔ ስህተት ሊያፈርሰው ነበር፤ አልፈረሰም።

እኔም በነጻ አልተለቀቅሁም፤ እንድለቀቅም አልፈለግሁም። ወደ ሞጣ ሄጄ ለፖሊስ ቃሌን ሰጠሁ፣ የጻፍሁትን ሪፖርትም በራሴ እጅ አቀረብሁ። ክስ ቀረበብኝ፤ በቸልተኝነት ጥፋተኛ ተብዬ፣ ቅጣቴም በገደብ ሆነ። የገጠሩ ፍርድ ግን ከዚያ ቀድሞ ተሰጥቶ ነበር። አባቴ ከቢቸና መጥቶ፣ በሕይወቱ አይቶት የማያውቀውን ወንዝ ተሻግሮ፣ አንሙት ደጅ ድንጋይ ተሸክሞ ይቅርታ ጠየቀ። ሽማግሌዎቹ የፈረዱብኝ፣ በሁለቱም ማዶ ያለውን ቤት ሁሉ አንድ በአንድ ዞሬ ያችን አምስተኛ ነገር እንድናገር ነው። ከሟች ቤት እንድጀምርም አዘዙ። መጀመሪያ ቀን አንሙት በር ላይ ቆሞ ሰማኝ። ሁለተኛው ቀን ጎረቤቱ ጋ ስደርስ ከኋላዬ መጣ። ከዚያ ወዲያ እስከ መጨረሻው ቤት አብሮኝ ዞረ፤ እኔ ሳስተምር፣ እሱ «አባቴ የሞተው በዚህ ነው፣ ስሙት» ይል ነበር። ከዚያ በኋላ ያልጨረስሁትን ሥራ ጨርሻለሁ ብዬ ጽፌ አላውቅም።

ይህን የምታነቡ፣ ቤታችሁ እህልና የነቀዝ ኪኒን ካለ፣ ወረቀቱን አስቀምጡና ማን አጠገቡ እንደሚተኛ ሂዱና እዩ። ስታስተምሩም ሆነ ስታዝዙ የምትውሉ ደግሞ፣ ዝናብ ሲመጣ ያቋረጣችሁትን ነገር አስታውሱ። ጥፋት ያላችሁ ሰዎችም ትኖራላችሁ። ጥፋቱን ማጥፋት አልችልም፣ አያ ጫኔም አይመለሱም፤ የምኮራው ሌላ ሰው እንዳይከፍልልኝ በመነሣቴ ነው።

ባለፈው ጥር አንሙት ለልጁ ክርስትና ጠራኝ። አያ ይርዳውና እትየ አትጠገብ ከእኔ ቀድመው መጥተው ከፍ ያለው ቦታ ላይ ተቀምጠዋል። አንሙት የአባቱን መለኪያ አወጣ፣ አረቄ ሞላባት፤ እንደ ደንቡ ሊቀምስ ወደ አፉ ሲያስጠጋት እጄን ዘርግቼ አንጓውን ያዝሁት። መለኪያዋን ተቀብዬ ጨለጥኋት።